ቢላህን ያዛገው ቦርሳህ ነው

አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለሠርግ ኬተሪንግ የሚወጣ አንድ ወጣት ሼፍ ጽፎልኛል። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ “ጋሼ፣ ከውጭ የመጡልኝ ሦስት ቢላዎች አሉኝ። አይዝጉም ተብዬ ነበር። እሁድ ማታ ከሠርግ ተመልሼ አጥቤ፣ በፎጣ ጠርጌ፣ ጥቅልል ቦርሳቸው ውስጥ ከተትኳቸው። ሐሙስ ስፈታው ትልቁ ቢላ በአንድ ጎኑ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። የቦርሳው ግርጌም ተበስቶ ጫማ ሰፊ ጋ አስለጥፌው ነበር፤ እንደገና ተበሳ። ቢላው ፎርጂድ ይሆን? ወይስ ሌላ ቦርሳ ልግዛ? የምገዛ ከሆነስ ምን ዓይነት?” ሦስት ፎቶም አብሮ ልኳል።

ወንድሜ፣ ቢላህ ደህና ነው። ይህን የምልህ ሁለተኛውን ፎቶ አይቼ ነው። ነጠብጣቡ ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ብረቱ መናኛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጎን በዛገ ነበር። የዳነው ጎን ናይለኑ ገበር ላይ የተኛው ነው። የዛገው ደግሞ ቆዳው ኪስ ላይ የተለጠፈው። ፎቶውን እንዳየሁ የጠረጠርኩት ቆዳውን ነው፤ የቀረውን ሁሉ ሳነብም ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ነገር አላገኘሁም።

ወደ ቆዳው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ግርጌው ቀዳዳ አንድ ነገር ልበልህ፤ ከዝገቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ስለቱ ሳይሸፈን ቢላ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። አንድ ደንበኛዬ እንዳንተው ግርጌው የተበሳ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ታክሲ ውስጥ ተቀምጧል። ታክሲው ጉድጓድ ሲገባ የአጥንት መለያው ቢላ ጫፍ ወጥቶ አጠገቡ የተቀመጡትን እናት ጭናቸው ላይ ወጋቸው። ሁለት ቦታ ተሰፉ። ልጁ ጥንቁቅ ልጅ ነበር። ቦርሳው ብቻውን እንደማይበቃ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ቆዳው። እኔ ቆዳ ሰፊ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት በቆዳ ነው፤ ስለ ቆዳ ክፉ መናገር ደስ አይለኝም። ቢሆንም የቢላ ቦርሳ ውስጡ ቆዳ መሆን የለበትም። ምክንያቱን ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳህ።

ቆዳ ከበሬው እንደተገፈፈ እንዳይበሰብስ ጨው ይነሰነስበታል። ፋብሪካ ሲደርስ ታጥቦ፣ ጠጉሩ ተነቅሎ፣ አሲድና ጨው ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ነው ቆዳውን የሚያለፋው የክሮም ኬሚካል የሚገባበት። ታጥቦና ደርቆ፣ ቀለም ተቀብቶ አንተ እጅ ሲደርስም አሲድነቱ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። በደንብ ካልታጠበ ጨውም ይቀርበታል። በዚያ ላይ ቆዳ ማለት የተጠላለፈ ክር ነው፤ እርጥበት ከአየሩም ከቢላውም ይጠጣል፣ የጠጣውን ደግሞ ቶሎ አይለቅም። እንግዲህ እርጥበት የያዘ ቢላ ቆዳ ኪስ ውስጥ ከተህ፣ ጠቅልለህ፣ በማሰሪያ ጥብቅ አድርገህ አራት ቀን ስታስቀምጠው ምን እንዳደረግህ አስበው። አሲድና ጨው ባለበት እርጥብ ጨርቅ ገንዘህ አስቀመጥከው ማለት ነው።

“ግን የማይዝግ ብረት ነው” ትለኛለህ። ስሙ ነው ሰው የሚያሳስተው። የማይዝግ የሚባለው ብረት ውስጡ ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮም አለ። ጥሩ የወጥ ቤት ቢላ ላይ 15 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል። ይህ ክሮም ከአየር ጋር ሲገናኝ ብረቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫር፣ አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይጠግናል። ጨው ግን ሽፋኑን በጥቃቅን ነጥብ እየበሳ ይገባል። ቆዳ የተለጠፈበት ጎን ደግሞ አየር ስለማይደርሰው ቁስሉ አይጠግግም። ያንተ ቢላ እንዳለ ሳይዝግ ነጠብጣብ ብቻ ያወጣው ለዚህ ነው። የቀን ሥራህ ላይ ሎሚና ቲማቲም ቆርጠህ ወዲያው ስታጥበው ምንም የማይሆነውም ለዚሁ ነው፤ ታጥቦ አየር ያገኛል።

በክሮም ሳይሆን በቅርፊትና በቅጠል የለፋ ቆዳም አለ። ብዙ ሰው “እሱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢላ አይጎዳም” ይላል። ስህተት ነው። ሻይ ላይ አፍህን የሚጨመድደው ነገር እሱ ውስጥም አለ፤ ብረት ሲያገኝ ያጠቁረዋል። ሥራ የጀመረ ልጅ ሲመጣልኝ ይህን በአፌ አላስተምረውም። ብጥስጣሽ ቆዳ በውኃ አርሶ አንድ ምስማር እንዲጠቀልልበት እሰጠዋለሁ። ጠዋት ሲፈታው የምስማሩ ቅርጽ ቆዳው ላይ እንደ ቀለም ጠቁሮ ታትሞ ያገኘዋል። ምስማሩን በጣቱ ሲነካውም ጣቱ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ እርጥብ መቀስ ቆዳ ላይ አስቀምጦ አይሄድም።

ያንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የኪሱን ጠርዝ በምላጭ ስስ አድርገህ ቁረጥና መሀሉን እይ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ከሆነ በክሮም የለፋ ነው። እስከ መሀሉ ቡናማ ከሆነ በቅርፊት። ለቢላህ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የጠረግክበት ፎጣ በምን ነው የሚታጠበው? ሆቴል ቤት ፎጣ በበረኪና ይዘፈዘፋል። በደንብ ካልተለቀለቀ ውስጡ የሚቀረው ነገር ከጨው የባሰ ነው። ለቢላህ የራሱ ፎጣ ይኑረው፤ በሳሙና ብቻ የሚታጠብ።

ስለ ጥገናው ደግሞ። ጫማ ሰፊው ጎበዝ ይሆናል፤ ግን የሠራው የጫማ ሥራ ነው። ማስቲሽ ቀብቶ የቆዳ ጥፍጥፍ ለጥፎ፣ በጥጥ ክር ዙሪያውን ሰፍቶታል። ማስቲሹ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። የጥጥ ክር የስለት ጫፍ አንዴ ከነካው ይበጠሳል። የመርፌው ቀዳዳ የተጠጋጋ ስለሆነ ሸራው በመስመሩ ላይ እንደ ቴምብር ይቀደዳል። ደግሞም የቢላ ጫፍ ጥፍጥፍ አይፈራም፤ ያገኘውን ሁሉ ይበሳል። ግርጌው የተበሳው ስስ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጫፉ ራቁቱን እዚያ ላይ ስላረፈ ነው። ትከሻህ ላይ ቦርሳው ሲቆም የሦስት ቢላ ክብደት በሙሉ በሦስት ጫፍ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ መጀመሪያ አፎት ሥራ፣ ቦርሳው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የተሠራ የፕላስቲክ አፎት ካገኘህ ግዛ። ካላገኘህ ቢጫው የዘይት ጄሪካን ግሩም ነው። ጎኑን ቁረጥ፤ በሳሙና አጥበህ አድርቀው። የቢላውን ጀርባ መሀሉ ላይ አስተኝተህ በእያንዳንዱ ጎን የስለቱን ስፋትና አንድ ሳንቲም ትርፍ ተው። መሀሉን በማይቆርጥ ነገር፣ ለምሳሌ በማንኪያ እጀታ፣ አስምረህ እጠፈው። ማጠፊያው በቢላው ጀርባ በኩል ይሁን፤ ስለቱ በሚያርፍበት በኩል በሁለቱ ፕላስቲክ መሀል ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ አስገባና ሪቬት በሚባለው የብረት ማያያዣ ምታው። ስለቱ ፕላስቲክ ላይ እንጂ ሪቬት ላይ እንዳያርፍ። ጫፉ በኩል ዝጋውና ውኃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ተውለት። ካርቶን ለአንድ ቀን መንገድ ይሆናል፤ ለማሳደሪያ ግን አይሆንም፤ እሱም እንደ ቆዳው እርጥበት ይጠጣል።

አዲስ ቦርሳ ልግዛ ካልክ ወፍራም ሸራ ፈልግ። ውጪው ላይ ቆዳ ማሰሪያ ወይም እጀታ ቢኖረው ግድ የለም፤ ያምራል፣ ይበረክታል። ውስጡ ግን ሸራ ወይም ናይለን ይሁን። ርዝመቱን በትልቁ ቢላህ ለካ። ስለቱ 25 ሳንቲም የሆነ ቢላ ከእጀታው ጋር 38 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ቦርሳው ውስጡ 45 ሳንቲም ቢሆን ይበቃል። ከላይ እጀታዎቹን የሚከድን ሰፊ ክዳን ይኑረው። ክዳን የሌለውን ጥቅልል በስህተት ከገለበጥከው ቢላዎቹ እጀታቸውን አስቀድመው እግርህ ላይ ይወርዳሉ። ሱቅ ውስጥ እያለህ አንድ ነገር ሞክር፦ ኪሱን ወደ ውጭ ገልብጠህ ግርጌውን እይ። ነጠላ ሸራ ብቻ ከሆነ መልሰህ ስጠው።

አሁን ገበያ ላይ የሞላው አሥራ ሁለት ኪስ ያለው ጥቁር ቦርሳ ልቤን ያቃጥለኛል። ዚፑ በሁለት ወሩ ጥርሱ ይፈለቀቃል። የፕላስቲክ ዘለበቱ አንዴ ከወደቀ ይሰበራል። ውስጡ ቆዳ የሚመስለው ነገር እየተላጠ ቢላው ላይ ይቀራል። አሥራ ሁለት ኪስስ ለምንህ ነው? ትልቁ፣ ትንሹ፣ የአጥንት መለያው፣ የዳቦው፣ መሳያ ብረቱ። አምስት ኪስ ይበቃሃል።

ብር ካጠረህ ያለህን ማዳን ይቻላል። ቢላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ አሰልፍ። ባዶ ነው ብለህ እጅህን ኪስ ውስጥ አትክተት፤ ገልብጠህ አራግፈው። የጫማ ሰፊውን ጥፍጥፍና ቆዳውን ኪስ በምላጭ ፍታ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደህ አሮጌ የመኪና ቀበቶ ግዛ፤ ስፋቱ አምስት ሳንቲም ገደማ ነው፣ እንደ እሱ ጠንካራ ጥብጣብ አታገኝም። ለሁለት አጥፈህ በኪሶቹ ግርጌ ርዝመት ሙሉውን ስፋው። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ስፌቱ በሁለት መስመር፣ በሳንቲም ሦስት ጥልፍ እንጂ ከዚያ አይበልጥ። ፊት ለፊቱን ኪስ በሸራ ተካው። ግን እንደገና ልንገርህ፤ ቀበቶውም ቢሆን የአፎት ምትክ አይደለም። ስለቱ ሳይሸፈን አይገባም።

ነጠብጣቡን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው። የድስት ሽቦም አይሁን፤ የሽቦው ብናኝ ቢላው ላይ ቀርቶ እሱ ራሱ ይዝጋል። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውኃ ለውስ፤ ቢላውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ በቡሽ ወይም በተቆረጠ ድንች በርዝመቱ እሸው። ከስለቱ ወደ ጀርባው እየገፋህ ግን አትሽ፤ እጅህ ካመለጠ ይቆርጥሃል። ትንሽ ጉድጓድ ከቀረ ተወው፤ ለሥራ አያግድም።

ማሳደሩ ላይ ደግሞ፣ ቦርሳ መሸከሚያ ነው። ቤት ስትገባ ፍታው፣ ዘርግተህ ስቀለው። ቢላዎቹ በፎጣ ከተጠረጉ በኋላ ግማሽ ሰዓት አየር ያግኙ። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ የማትነካቸው ከሆነ ከፋርማሲ ፈሳሽ ፓራፊን ገዝተህ በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባቸው። የኑግ ዘይት አትቀባ፤ እየቆየ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። ሆቴል በር ላይ ፍተሻ ስለሚኖር የሥራ መታወቂያህን ቦርሳው ውጪ ኪስ ውስጥ አድርግ፤ ፈታሹ እጁን ሳይከት በፊት “ውስጡ ቢላ ነው” በለው፣ ራስህም ፍታለት።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ በሸራ ኪስ፣ በደረቅ አፎት አንድ ሳምንት አሳድረው። ነጠብጣቡ በሁለቱም ጎን ከመጣ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ያኔ ቢላውን ራሱን እንጠረጥራለን። ፎቶውን ላክልኝ፤ የሁለቱንም ጎን፣ የእጀታውን ሥርም ጨምረህ።