እፉኝቱ ሁለት ስም ነው ወይስ ሦስት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከከተማ ወጣ ብለን አንድ እፉኝት አገኘንና ፎቶ አነሳነው። እኔ «ቢቲስ አሪኤታንስ ሶማሊካ» ብዬ ጻፍኩበት። ጓደኛዬ ግን «ሶማሊካ የሚባል ነገር የለም፣ ቢቲስ አሪኤታንስ ብቻ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። መጻሕፍቱም አይስማሙም። ማናችን ነን ልክ? ስሙ ሲለያይስ መድኃኒቱም ይለያያል? ከድሬዳዋ

መልስ፦ ጓደኛህ «የለም» ማለቱ ትንሽ አብዝቶታል። ስሙማ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት የዝርያው ስም ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ የንዑስ ዝርያው፣ ማለትም በዚያው ዝርያ ውስጥ የተለየ ወገን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደኑ የብሪታኒያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ፓርከር ነው ያወጣው፤ ሶማሊያንና አጎራባች የኢትዮጵያና የኬንያ ቆላዎችን ይዞ። የለየበት ምልክት ያለው ደግሞ ጅራቱ ሥር ነው። የተለመደው እፉኝት ከጅራቱ በታች ያሉት ቅርፊቶች ልሙጥ ናቸው፣ የሶማሊካ ግን እያንዳንዱ ቅርፊት መሃሉ ላይ ወጣ ያለ መስመር አለው። (ይህን ለማየት ብለህ በሕይወት ያለ እፉኝት እንዳትገለብጥ፣ አደራ!) ከላይ በተነሳ ፎቶ ይሄ አይታይም። ስለዚህ አንተም «ሶማሊካ» ያልከው እባቡን አይተህ ሳይሆን ካርታውን አይተህ ነው።

ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ስም እንዴት እንደሚወጣ ይነግርሃል እንጂ ይሄኛው ንዑስ ዝርያ ነው፣ ያኛው አይደለም ብሎ አይፈርድም። ፍርዱ የተመራማሪዎቹ ነው፤ አንዱ የጅራት ቅርፊት ይበቃኛል ሲል ሌላው ዲኤንኤ ካላየሁ አላምንም ይላል። በዚያው በ1949 አማዶን የተባለ የአእዋፍ ተመራማሪ ከአንዱ ወገን 75 በመቶው ከሌላው ወገን ተለይቶ ካልታወቀ ንዑስ ዝርያ አትበሉት ብሎ መለኪያ ለማስያዝ ሞከረ። በ1953 ደግሞ ዊልሰንና ብራውን፣ ሁለቱም የጉንዳን ሰዎች፣ ሦስተኛው ስም ቢቀርስ ብለው ተነሱ።

ዲኤንኤ ሲመጣ ምን እንደሚፈጠር አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። እዚያ አንድ አይጥ አዳኝ እባብ አለ፤ ሰሜን ላይ ጥቁር፣ ፍሎሪዳ ላይ ቢጫ ባለ አራት መስመር፣ ደቡብ ላይ ግራጫ። በየቀለሙ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ስም ወጥቶለት ነበር። በ2000 በርብሪንክና ባልደረቦቹ ዲኤንኤውን ሲያዩት ቀለምና ዘር አልገጠሙም። የለያቸው ሚሲሲፒን የመሰለ ወንዝና የአፓላቺያን ተራራ ነበር። ንዑስ ዝርያዎቹ ቀርተው ሦስት ዝርያ ሆኑ፤ በ2021 ደግሞ ራሱ በርብሪንክ ካለበት ቡድን ሌላ ማስተካከያ መጣ፣ ስሞቹም እንደገና ተዘዋወሩ። ሰው ግራ ቢጋባ ምን ይገርማል? ተቃራኒውም አለ። የምዕራብ አፍሪካው የጋቦን እፉኝት ለረጅም ጊዜ ንዑስ ዝርያ ብቻ ነበር፤ በ1999 በወጣ ጥናት ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ተገኘና ራሱን የቻለ ዝርያ ተባለ።

ስለዚህ እኔ ብሆን ጅራቱን ሳላይ ሁለቱን ስም ብቻ እጽፋለሁ፣ ከሥሩ ደግሞ ያገኛችሁበትን ቦታ በትክክል። ነገ ተመራማሪዎቹ ስሙን ቢቀይሩት እንኳ ፎቶህ ዋጋ አያጣም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ማርከሻው በሦስተኛው ስም ተለይቶ አይዘጋጅም። ሐኪሙም የሚያየው እብጠቱንና መድማቱን ነው። የተነደፈ ሰው ካጋጠመህ አትብጣ፣ አጥብቀህ አትሰር፣ በአፍህ አትምጠጥ። እግሩን ሳታንቀሳቅስ ቶሎ ሆስፒታል አድርሰው።