ሆኪ በነገሠበት ግቢ ፉትቦል የእንጀራ ልጅ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የስፖርት አምዳችን መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ፣ ከካናዳ ድንበር ብዙም በማይርቀው ግራንድ ፎርክስ ከተማ ስላለው የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ። ስለዚህ አንድ ላይ እንመልሳቸው። ለማያውቀው አንባቢ፦ እዚህ ፉትቦል የምንለው አሜሪካኖቹ በእጃቸው ይዘውት የሚሮጡትን ሞላላ ኳስ ነው፤ ሆኪ የምንለው ደግሞ በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ግራንድ ፎርክስ የአቪዬሽን ተማሪ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ የፉትቦል ነገር አይሆንለትም፤ በሱ ምክንያት እኔም ለመድኩት፣ አሁን አንድ ጨዋታ አያመልጠኝም። የሚያበሳጨኝ ሁሉ ነገር ለሆኪ መሆኑ ነው። ህንፃው፣ ገንዘቡ፣ ወሬው ሁሉ። ፉትቦሉ የእንጀራ ልጅ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው ለፉትቦል የበለጠ ያውጣ ስል ደግሞ የሆኪ ጠላት አድርገው ያዩኛል። ተሳስቻለሁ? (ከግራንድ ፎርክስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፉትቦሉ የበለጠ ይገባዋል ማለትህ ትክክል ነው። የሚጎድለው ሆኪው ስለወሰደበት ነው ካልክ ግን አልስማማም።

መጀመሪያ ሆኪው ያለውን ከየት እንዳገኘው እንይ። ስምንት የአገር አቀፍ ዋንጫ አለው፤ የመጀመሪያው በ1959፣ የቅርቡ በ2016። ዛክ ፓሪሴ፣ ጆናታን ቴይቭስ፣ ቲጄ ኦሺ ወደ ኤንኤችኤል፣ ወደ ፕሮፌሽናሉ የሆኪ ሊግ፣ የሄዱት እዚህ ተጫውተው ነው። የሆኪ አዳራሹን ያሠራው ራልፍ ኤንግልስታድ ደግሞ በወጣትነቱ የዚሁ ቡድን በረኛ ነበር፤ ኋላ ላስ ቬጋስ ውስጥ በካዚኖ ከበረ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣበት፣ በ2001 ተከፈተ፣ በስሙም ተጠራ። ወለሉ ግራናይት፣ ወንበሩ ቆዳ ነው። ከ11,000 በላይ ሰው ይይዛል፤ የከተማው ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 59,000 ገደማ ነበር። አንድ ጊዜ በጥር ወር ሄጄ አይቻለሁ። ውጭው ፊት የሚቆርጥ ብርድ፣ ውስጡ ጢም ብሎ የሞላ ሕዝብ፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው። ያንን የሚያይ ሰው ይሄ ሆኪ ይቀነስ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

ግን የዚያን ገንዘብ ጠባይም ልብ በል። አዳራሹ እየተሠራ ሳለ የቡድኑን ስም ለመቀየር ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ ስሙ «ፋይቲንግ ሱ» ነበር፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች የተወሰደ። ኤንግልስታድ በ2000 መጨረሻ ላይ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ፤ ስሙ ከተቀየረ ግንባታውን አቆማለሁ አለ። ስሙ ያኔ ሳይቀየር ቀረ። ከረጅም ሙግት በኋላ በ2012 ተነሳ፣ በ2015 «ፋይቲንግ ሆክስ» ተተካ። ይህን ያነሳሁት የለጋሽ ገንዘብ ከነባለቤቱ ፈቃድ የሚመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው። ለሆኪ ብሎ የሰጠን ሰው ገንዘብ አንስተህ ለፉትቦል ልስጥ ብትል አትችልም። ብትችል እንኳ በሚቀጥለው ዓመት አይሰጥህም።

ደግሞ በቁጥር ካየኸው ፉትቦል የሚወስደው ትንሽ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በሠራው ሕግ የወንዶች ሆኪ ቡድን መስጠት የሚችለው እስከ 18 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ ፉትቦሉ አሁን ባለበት ደረጃ፣ የአንደኛው ዲቪዚዮን ክፍል በሆነውና ኤፍሲኤስ በሚሉት፣ ለፉትቦል ጣሪያው 63 ነበር። መቶ የሚጠጋ ልጅ ነው የሚለብሰው፣ የሚበላው፣ የሚጓዘው።

ታዲያ ፉትቦሉን ምን ያዘው? እኔ እንደማየው ሦስት ነገር ነው፤ አንዱም ሆኪ አይደለም።

አንደኛው ጊዜ ነው። በ2001 መጨረሻ ላይ፣ አዳራሹ በተከፈተበት ዓመት ማለት ነው፣ ፉትቦሉ የሁለተኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆነ፤ ግራንድ ቫሊ ስቴትን 17 ለ 14 አሸንፎ። ያኔ ፉትቦሉም ንጉሥ ነበር። ፋርጎ ያለው ጎረቤት፣ የኖርዝ ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በ2004 ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን አለፈ። የናንተው ግን እስከ 2008 ቆየ። አራት ዓመት ቀላል ይመስላል፤ ግን በዚያ መሃል ጎረቤት ምልመላውንም ስሙንም ቀድሞ ያዘ፣ ከ2011 ጀምሮም ዋንጫውን በላይ በላዩ ወሰደው። ይባስ ብሎ ሁለቱ ከ2003 ጨዋታቸው በኋላ እስከ 2015 ድረስ እርስ በርስ አልተጫወቱም። ደጋፊ የሚጠላውን ባላጋራ ካጣ መሃል ሜዳ ላይ ማን ይጩህ?

ሁለተኛው ሊግ ለሊግ መንከራተቱ ነው። ግሬት ዌስት፣ ከዚያ ቢግ ስካይ፣ ከዚያ ያለ ሊግ ሁለት ዓመት፣ በ2020 ደግሞ ሚዙሪ ቫሊ። ሰው የተጋጣሚዎቹን ስም ለምዶ ሳይጨርስ ይቀየርበታል። አሁን ግን ቦታውን አግኝቷል፤ በጥቅምት 2023 ያንን ጎረቤት 49 ለ 24 ሲያሸንፉት ትምህርት ጀምረህ ከነበር የዚያን ቀን ጩኸት አትረሳውም።

ሦስተኛው ቤቱ ነው። ፉትቦሉ የሚጫወትበት አለረስ ሴንተር የከተማው ንብረት ነው። ተከራይ ሁልጊዜ ተከራይ ነው፤ ቀኑንም ገቢውንም ከባለቤቱ ጋር ነው የሚካፈለው።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ምን ያድርግ ካልከኝ፣ እጁ ላይ ባለው ነገር ይጀምር። ለፉትቦል ብቻ ለጋሽ የሚፈልግ፣ ስልክ የሚደውል፣ የቀድሞ ተጫዋቾችን ቤት ለቤት የሚያገኝ ሰው በደንብ ይመደብ። ገንዘብ የሚያመጣው ስንት ጊዜ ጠየቅህ የሚለው ነው፤ ሆኪውን ደግሞ ሰው ሳይጠየቅም ይሰጠዋል። በጀቱ ሲመዘን ፉትቦሉን ከሆኪው ጋር ሳይሆን ከሚዙሪ ቫሊ ተጋጣሚዎቹ ጋር ያነጻጽሩት፤ የአሰልጣኞች ደሞዝ፣ የጉዞ ወጪ፣ የልምምድ ቦታ እዚያ ካሉት አማካይ በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። ሌላው የቀን መቁጠሪያው ነው፣ ይሄ ሳንቲም አያስወጣም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሆኪው አርብና ቅዳሜ ማታ ነው። ፉትቦሉ ቅዳሜ በቀን ከሆነ፣ ከሁለት ሰዓት መንገድ የመጣ ቤተሰብ ቀን አንዱን አይቶ ማታ ሌላውን ማየት ይችላል፤ ትኬቱም አንድ ላይ ይሸጥለት። የድንቹን ጨዋታ ታውቀዋለህ መቼም፣ መስከረም ላይ ለከተማው ሕዝብ የድንች ጥብስ በነፃ የሚታደልበትን። ከተማው ያለበት ሸለቆ የድንች አገር ስለሆነ ገበሬውም ይመጣል፣ ልጆችም ይመጣሉ። ለፉትቦሉ የሚበጀው እንዲህ ያለ የራሱ ባህል እንጂ የሆኪ ግልባጭ መሆን አይደለም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከ2025 ወዲህ ሆኪው ራሱ ብዙ ገንዘብ መጠየቅ ጀምሯል። የተስማሙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። ድሮ እንደ ፕሮፌሽናል ተቆጥረው የሚከለከሉት የካናዳ ዋና ወጣት ሊጎች ተጫዋቾችም መግባት ጀምረዋል። ጋቪን መኬና የተባለው ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ልጅ የሄደው ወደ ፔን ስቴት ነው፤ የፉትቦል ቤት ወደሆነው፣ ሆኪው በዚህ ደረጃ ከ2012 ወዲህ ብቻ ወዳለው። ስለዚህ ግራንድ ፎርክስ ላይ «እንዳንቀደም ለሆኪ ጨምሩ» የሚል ድምፅ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ የአንተ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ የሚጨመረው ከየትኛው ኪስ እንደሚወጣ በግልጽ ይነገር በል። ይህን መጠየቅ የሆኪ ጠላት አያደርግህም።

ጥያቄ፦ ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። የምከፍለው እኔ ነኝና ልጠይቅ። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ፉትቦሉን ዘግቶ በሆኪ አሥር ዋንጫ ወሰደ ሲባል ሰማሁ። እነዚህስ ለምን ሁለት ጭነት ይሸከማሉ? አንዱን ዘግተው በሚያውቁት ቢበረቱ አይሻልም? (ከሚኒያፖሊስ፣ አንድ አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ የወላጅ ጥያቄ ነው፤ አስቤበት ነው የምመልስልዎ። ዴንቨር እውነት ነው፣ አሥረኛውን በ2024 ወሰደ። ፉትቦሉንም የዘጋው ከ1960 ውድድር በኋላ ነው። ነገር ግን ዓመቶቹን ደርድረው ይዩአቸው። በ1958ና በ1960 ሲያሸንፍ ፉትቦሉ ነበረ። ከዘጋ በኋላ በ1961፣ በ1968ና በ1969 ወሰደ፤ ከዚያ እስከ 2004 ድረስ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ምንም። የተዘጋው ፉትቦል ገንዘብ ዋንጫ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልጠበቁ ነበር። የቦስተን ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ ነው፤ በ1997 ፉትቦሉን ዘጋ። ከዚያ በፊት በሆኪ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ፣ በ2009።

ቦስተንና ዴንቨር ደግሞ ትልልቅ ከተሞች ናቸው፤ ሰው ቅዳሜውን የሚያሳልፍበት ሌላ ቡድን አለው። ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ተማሪ ያነሰባቸው ትንንሽ የገጠር ትምህርት ቤቶች እንኳ በአሥራ አንድ ፈንታ ዘጠኝ ልጅ አሰልፈው ፉትቦል ይጫወታሉ። የእነዚያን ከተሞች ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ይሄ ጨዋታ ነው። ከተዘጋ ልጁ ወደ ፋርጎ ይሄዳል፣ አባቱም ተከትሎት፣ የአባቱም ቼክ ተከትሎት።

ስለ ክፍያው ግን ዝም አይበሉ። ተማሪው ለስፖርት የሚከፍለው ምን ያህል እንደሆነና ለየትኞቹ ቡድኖች እንደሚከፋፈል ምዝገባ ላይ ይጠይቁ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የመጠየቅ መብት አለዎት።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ሆኪ ትጫወታለች፤ ከቡድኗ ሐበሻ እሷ ብቻ ናት። ኖርዝ ዳኮታን ቴሌቪዥን ላይ አይታ «እዚያ ነው የምሄደው» አለችኝ። የሴቶች ቡድን የላቸውም ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። የሆኪ ንጉሥ የሚባል ቦታ እንዴት የሴት ቡድን አይኖረውም? (ከቶሮንቶ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ነበራቸው። ጥሩ ቡድን ነበር። በመጋቢት 2017 ዘጉት፣ ከወንዶችና ከሴቶች የውሃ ዋና ቡድኖች ጋር። የክልሉ መንግሥት በጀት ተቆርጦ ስለነበር ቀጥ ብለው ወደ ትንንሾቹ ሄዱ፤ ቤዝቦል ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተዘግቷል። ሰው ስለ ፉትቦልና ስለ ወንዶች ሆኪ ሲከራከር እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሁለቱ ትልልቆች እየተጋፉም ቢሆን ሁለቱም አሉ። የወጡት ሌሎች ናቸው።

የግራንድ ፎርክስ ልጆች የሆኑት መንትዮቹ ጆሴሊንና ሞኒክ ላሙሮ በዚያ ቡድን የተጫወቱ ናቸው። ቡድኑ በተዘጋ በአሥራ አንድ ወሩ፣ በየካቲት 2018 ፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ላይ፣ አሜሪካ ከካናዳ ጋር ለወርቅ ተገናኘች። አሜሪካ አንድ ጎል እየተመራች ሳለ አቻ ያደረገችው ሞኒክ ናት። በመለያ ምት ወርቁን ያመጣችውን ጎል ያገባችው ጆሴሊን ናት። ለልጅዎ ያንን የመለያ ምት ፈልገው ያሳዩአት፤ በረኛዋን እንዴት እንዳታለለቻት ታየዋለች።

የቀድሞ ተጫዋቾች በጾታ እኩልነት ሕጉ፣ ታይትል ናይን በሚባለው የ1972 ሕግ፣ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። መጀመሪያ ተዘጋባቸው፣ በ2021 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ጉዳዩ እንዲቀጥል ወሰነላቸው። ለመጀመሪያው ጠያቂያችንም ይሄ ይመለከተዋል፤ ለፉትቦል ሲጨመር የሴቶቹም ድርሻ አብሮ መታየት አለበት፣ መቶ ወንድ ያለው ቡድን ሚዛኑን ብቻውን ያጋድለዋል።

ልጅዎ አሁን ትጫወት፤ የሴቶች ቡድን ያላቸው ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲን፣ ኦሃዮ ስቴት አሉ። እኔ ግን የግራንድ ፎርክሱም እንዲመለስ መጠየቄን አልተውም። ያ የ100 ሚሊዮን ዶላር ህንፃ ከዋናው ሜዳ ሌላ ሁለተኛ፣ በኦሎምፒክ ስፋት የተሠራ የበረዶ ሜዳ አለው። የሚጎድለው ቡድኑ ነው።