«ጭንብሉን ጉም ያዘው» ወይስ «አላበው»?

ጥያቄ፦ የምሠራው በኤላት፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ለጠላቂዎች ዕቃ በሚያከራይና በሚሸጥ ማዕከል ነው። አማርኛ ተናጋሪ እንግዶች ስላሉን አዲስ የመጥለቂያ ጭንብል ውሃ ውስጥ እንዳይደበዝዝ ምን መደረግ እንዳለበት የሚገልጽ አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ እንዳዘጋጅ ተጠየቅኩ። እኔ «መስታወቱን ጉም እንዳይዘው» ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ «መስታወት ያልበዋል እንጂ ጉም አይዘውም» አለችኝ። ሌላው ደግሞ «እንፋሎት» ይሻላል ይላል። መምህር፣ ትክክሉ የትኛው ነው? ረቂቁንም ልኬልዎታለሁ፤ ሌላ የሚታረም ነገር ካለ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ አማርኛ ደጋ ላይ ያደገ ቋንቋ ነው። የባሕር ሥራ ቃል ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይቸገራል፤ ወደ ጉም ሲመጣ ግን ባለጸጋ ነው። ጉም አለው፣ ጭጋግ አለው፣ ጤዛ አለው፣ ካፊያ፣ ውርጭ፣ አመዳይ አለው። እናንተን ያከራከራችሁ የቃል እጦት ሳይሆን የቃል ብዛት ነው።

እንፋሎትን በቶሎ እናሰናብተው። እንፋሎት ከድስትና ከጀበና አፍ የሚወጣ፣ ሙቀቱ ፊት የሚገርፍ ነገር ነው። ጭንብል ውስጥ የሚፈላ ነገር የለም። ደግሞም መስታወቱን ያደበዘዘው ነገር ውሃ ሆኖ ያለቀለት ነው።

«አላበው» ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። «መስታወት ቆዳ የለው፣ እንዴት ያልበዋል?» የሚል ተቺ አይጠፋም፤ እኔ በዚህ አልስማማም። «አላበኝ» በሚለው ግስ ውስጥ ያላበኝ ማን እንደሆነ አይነገርም። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» ከሚሉት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ድርጊቱ የሚደርስበት ሰው ይታወቃል፣ አድራጊው አይታወቅም። ሾፌር በክረምት የመኪናውን መስታወት «አላበው» ቢል አማርኛው አልተጓደለም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ላብ ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። አዲስ ጭንብል የገዛ ሰው «ያልበዋል» የሚል ሲያነብ ውሃው በመስታወቱ ወይም በጠርዙ በኩል ሰርጎ የገባ ሊመስለው ይችላል፤ ከዚያ ጭንብሉ ያፈስሳል ብሎ መልሶ ያመጣላችኋል። ለወሬ ይበቃል፣ ለመመሪያ አልመርጠውም።

የእርስዎ «ጉም ያዘው» የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር በሰልፍ ይቆማል። ብረት ዝገት ይይዘዋል፤ ዳቦ ሻጋታ ይይዘዋል፤ መጽሐፍ አቧራ ይይዘዋል። በአማርኛ አንድ ነገር ከአካባቢው መጥቶ የሌላውን ገጽ ሲሸፍን «ያዘው» እንላለን። መስታወቱ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ርእሱ ላይ «ጉም» ይሁን።

ምክንያቱን የምታስረዱበት ቦታ ላይ ግን «ጤዛ»ን አስገቡ፤ የተፈጥሮው አሠራር ያለው እዚያ ቃል ውስጥ ነው። ጤዛ ከሣሩ እንደማይወጣ፣ ሌሊት በቀዘቀዘው ሣር ላይ ከአየሩ እንደሚያርፍ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ጭንብል ውስጥ ያለው አየር ከፊት ቆዳና ከአፍንጫ ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ይወስዳል። መስታወቱን ደግሞ ከውጭ ባሕሩ ያቀዘቅዘዋል። የኤላት ባሕር በብርዱ ወራት 21 ወይም 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ይወስዳል። ስለዚህ እርጥቡ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ጤዛ ያወርዳል። ጠብታዎቹ ብርሃኑን እየበታተኑ ዓይን ጉም ያሳዩታል። የሚወርደው ጤዛ፣ የሚታየው ጉም ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱንም ቃላት በየቦታቸው ብትጠቀሙ አይጣሉም።

አሁን ወደ ረቂቁ ልግባ፤ ከባዱ ችግር ያለው እዚያ ነው።

«አዲስ ጭንብል ላይ ስስ የሲሊኮን ፊልም አለ» ብለዋል። ፊልም በአማርኛ ሲኒማ ቤት የሚታይ ነው፤ ወይም የድሮ ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራው ውስጥ የሚጠቀልለው። አንባቢዎ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የሚላጥ ፕላስቲክ ይፈልጋል፣ አያገኘውም፣ ጭንብሉን እንዳለ ይዞ ይጠልቃል። «ስስ የቅባት ሽፋን» ይበሉ። ከፋብሪካ የሚቀረው ይህ ቅባት ነው ውሃው በመስታወቱ ላይ እንዳይነጠፍ፣ ተቆራርጦ በጠብታ በጠብታ እንዲቆም የሚያደርገው። አዲስ ጭንብል ከአሮጌው ይልቅ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ «በጥርስ ሳሙና በደንብ ይፈግፍጉት» ይላል። መፈግፈግ የድስት ቂጥ ነው፤ ሽቦ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። እርስዎ የፈለጉት ማሸት ነው፤ ነጩን የጥርስ ሳሙና በጣት ቀብቶ፣ የመስታወቱን የውስጥ ገጽ ዙሪያውን ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቅባቱ እስኪለቅ ይህንኑ መደጋገም። «የጥርስ ሳሙና» ብቻ ማለትም አይበቃም። ሥራውን የሚሠሩት በነጩ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ስለሆኑ፣ እንደ ጄል የሚያብረቀርቀው እንደማይሆን ይግለጹ። ጉም የሚከላከል ቅብ ከፋብሪካ የተቀባበት መስታወት ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይታሽም፤ ቅቡ ይነሣል።

ስለ እሳቱ «መስታወቱን በላይተር ያቃጥሉት» ብለው የጻፉትን በቀይ ሰርዤዋለሁ። ማቃጠል መጨረሻው አመድ ነው። የእጅ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች የሚያደርጉት ነበልባሉን እያንቀሳቀሱ የውስጡን ገጽ ማስነካት፣ ከዚያ ጥላሸቱን መጥረግ ነው። ለዚህ አማርኛ «ለብለብ ማድረግ» የሚል ጥሩ ቃል አለው፤ ክትፎ የሚወድ ሁሉ ልኩን ያውቀዋል። ነገር ግን ቃሉ ቢያምርም ዘዴውን ለጀማሪ ከሚሰጥ ወረቀት ባወጣው እመርጣለሁ። ሙቀት ተቋቁሞ በተሠራ መስታወት ላይ እንኳ የሲሊኮኑን ጠርዝ ሊያበላሽ ይችላል፤ ፕላስቲክ ከሆነማ ያልቅለታል።

ምራቁ ጋ ስደርስ ፈገግ አልኩ። «ከመግባትዎ በፊት ጭንብሉ ላይ ይትፉበት» ይላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ምራቅ ውሃው በጠብታ ከመቆም ይልቅ እንዲነጠፍ ስለሚያደርግ ጠላቂዎች ከጥንት ይጠቀሙበታል። ግሱ ግን ፊት ላይ ይመታል። «ተፋበት» በእኛ ዘንድ የንቀት ሽታ አለው። «እንትፍ አለ» የዋህ ነው፤ ሽማግሌ የሚመርቀው እንትፍ እንትፍ እያለ ነው፤ ምራቅና ምርቃት የሚጋሯቸው ሦስት ተነባቢዎችም እነዚያው ናቸው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ልዩነቱ ይታያል፤ በማቴዎስ 26 በኢየሱስ ላይ መከራ የሚያደርሱ ሰዎች «ተፉበት»፤ በዮሐንስ 9 የዕውሩን ዓይን ሊያበራ ሲል ግን «እንትፍ አለ»። ድንበሩ ግንብ ነው እንዳልል በማርቆስ 8 ለፈውስም «ተፍቶበት» የሚል አለ። ቢሆንም ለእንግዳ በሚሰጥ ጽሑፍ «እንትፍ ይበሉበት» ማለት ይሻላል። ለሚጸየፍ ሰው በውሃ የቀጠነ የሕፃናት ሻምፑ ያው ሥራ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ «ይጠቡት» ማለትዎ ግን ሥራውን ያፈርሳል። ከታጠበ ምራቁም ሻምፑውም ሄደ። «ለቅለቅ ያድርጉት» ይበሉ። «ብርጭቆውን ለቅለቅ አድርገህ አምጣ» ስንል ውሃ ነካ አድርጎ መድፋት ማለታችን እንደሆነ ማንም ይረዳል፤ ይህን ልክ በሌላ ቃል ለመግለጽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልግ ነበር።

በጣም ያሳሰበኝ «በአፍንጫዎ አይተንፍሱ» የሚለው ነው። በአማርኛ መተንፈስ ማስገባትንም ማስወጣትንም ይይዛል፤ ትእዛዙም ፍጹም ክልከላ ይመስላል። እርግጥ ነው በአፍንጫ የሚወጣ ትንፋሽ ጉሙን ያበዛል። ነገር ግን ጠላቂ ወደ ታች ሲወርድ የውሃው ጫና ጭንብሉን ፊቱ ላይ ይጫነዋል፤ 10 ሜትር ላይ ጫናው ከባሕሩ ገጽ እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ በአፍንጫው ጥቂት አየር ወደ ጭንብሉ ካላስወጣ የዓይኑና የፊቱ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊፈነዱ ይችላሉ። መመሪያዎን ቃል በቃል የሚፈጽም ታዛዥ እንግዳ ይጎዳል ማለት ነው። «ሳያስፈልግ በአፍንጫዎ ትንፋሽ አያስወጡ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን ጥቂት ያስወጡ» ብለው ይጻፉ።

በዚሁ ምክንያት አንዳንድ ቦታ «መነጽር» ያሉትን ሁሉ ወደ «ጭንብል» ይመልሱት። የዋና መነጽር አፍንጫን አይሸፍንም፤ በእርሱ የጠለቀ ሰው ግፊቱን የሚያስተካክልበት መንገድ የለውም። «ማስክ» ከኮሮና ወዲህ አፍና አፍንጫ የሚሸፈንበትን ጨርቅ ስለያዘ ይቅርባችሁ። «ጭምብል» ብሎ የሚጽፍም አለ፤ «ን» ከ«ብ» በፊት ወደ «ም» ስለምትሳብ ነው። አንዱን መርጦ በእርሱ መጽናት ይበቃል።

እንግዲህ ዋናው አንቀጽ በእኔ እጅ ይህን ይመስላል፦

«አዲስ ጭንብል ከፋብሪካ የቀረ ስስ የቅባት ሽፋን አለው። መስታወቱ ጉም የሚከላከል ቅብ ከሌለው፣ የውስጥ ገጹን በነጭ የጥርስ ሳሙና በጣትዎ ያሹት፤ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ ቅባቱ እስኪለቅ ይደጋግሙት። ከመጥለቅዎ በፊት እንትፍ ይበሉበትና በጣትዎ ያዳርሱት፤ ለቅለቅ ያድርጉትና ወዲያው ያጥልቁት።»

«ያጥልቁት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጭንብል እንደ ቀለበት ይጠለቃል፣ ባለቤቱም ባሕር ይጠልቃል።

የቀረችኝ አንዲት ፊደል ናት። «እንዳይዘው» ብለው በአንድ «ይ» ጽፈዋል። ግሱ «ይይዛል» ነው፤ የመጀመሪያዋ «ይ» የሦስተኛ መደብ ምልክት፣ ሁለተኛዋ የግሱ የራሱ ናት። በንግግር ሁለቱ ይዋጣሉ፤ በጽሑፍ ግን «ጉም እንዳይይዘው» ብለው ሁለቱንም ያስቀምጧቸው።