ትልቁ ቱርቦ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሙቀቱ

ጥያቄ፦ የ1993 ማዝዳ አርኤክስ-7 አለኝ፤ ባለ ሁለት ቱርቦ ሮታሪ (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባል ባለ ሦስት ማዕዘን አካል የሚሽከረከርበት ሞተር)፣ እስካሁን ምንም አልተነካካም። ለትራክ (ለመኪና እሽቅድምድም ሜዳ) ላዘጋጀው ነው። ትልቅ ቱርቦ ልግዛለት ወይስ ማርሚታውን በመክፈት (ጭሱ በቀላሉ እንዲወጣ በማድረግ) ልጀምር?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው! መጀመሪያ ኮምፕረሽኑን (ሞተሩ ውስጥ ያለውን የመጭመቅ ግፊት) አስለካ፤ ያውም በሮታሪ መለኪያ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ፊት ስላለው ተራው የፒስተን መለኪያ የትኛው ፊት እንደደከመ ለይቶ አይነግርህም። ጤነኛ ከሆነ ገንዘብህን ማቀዝቀዣው ላይ አውለው፦ ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ራዲያተር፣ ሁለት የዘይት ማቀዝቀዣ፣ የተሻለ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን ትኩስ አየር ማቀዝቀዣ)። የዳሽቦርዱን የሙቀት ጌጅ ደግሞ እንዳታምነው። መሀል ላይ ተገትሮ ይቆይና ከፍ ሲል ነገሩ አልቋል። የራስህን ጌጅ አስገጥም።

ማርሚታውን ከፍተህ የሞተሩን ኮምፒውተር ካላስተካከልክ የቱርቦው ግፊት ካሰብከው በላይ ይወጣል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ ድብልቁ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ያኔ ሮተሩ ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን አፔክስ ሲሎች (ግፊቱ እንዳያመልጥ የሚዘጉት) ይሰበራሉ፣ ስባሪው በጭስ መውጫው ሲወጣ ደግሞ ቱርቦውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። የፒስተን ሞተር ችሎ የሚያልፋት ፍንዳታ እዚህ ሞተር ታስወርዳለች።

ይህ ሞተር ሲሎቹን ለማለስለስ ሆን ብሎ ዘይት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ዘይቱን ሳታይ ትራክ እንዳትገባ። ፍሬኑ? ጥሩ ፓድና አዲስ የፍሬን ዘይት ለጅማሬ ይበቃዋል።