የብየዳ ብርሃን ረዳቱን ሲመታ

ከቡሬ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አንተ ጭንብል አድርገህ ስትበይድ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) የሚይዝልህ ልጅ በፀሐይ መነጽር እንደሚሠራ፣ ሌሊት ዓይኑ ሲቃጠልም ድንች ቆርጣችሁ እንደምታስሩለት ነግረኸኛል። «ፊቱን እያዞረ ለምን ይመታዋል?» ነው ጥያቄህ።

ፊት ማዞር አያድንም። ከብየዳው የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በዓይን አይታይም፤ በጎን ይገባል፣ ከቆርቆሮው ግድግዳም ነጥሮ ይመለሳል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚጀምር ልጁ ቀን ደኅና ውሎ ማታ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። የፀሐይ መነጽር ጎኑ ክፍት ነው፤ ይባስ ብሎ ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝለት ደፍሮ እንዲያይ ያደርገዋል።

ስለዚህ ለራሱ ጭንብል ግዛለት። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ በ100 አምፔር ገደማ ለምትሠራው ሥራ ቁጥር 10 የጭንብል መስታወት ይበቃል (ቁጥሩ ሲጨምር መስታወቱ ይጠቁራል)፤ አምፔሩን ከፍ ስታደርግ ወደ 11 ውጣ። መስታወቱ ጥቂት እንኳ ከተሰነጠቀ ለውጠው። ወጪው የአንድ በር ዋጋ እንኳ አይሞላም፤ ይህን ለልጁ መንፈግ አይገባም።

የሚያብለጨልጨውን ቆርቆሮ በማያንጸባርቅ ቀለም ቀባው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመንገዱ ወገን ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ ብየዳ የሚሠራው አስፋልት ዳር ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ቆመው ያያሉ። ከሰው ቁመት ከፍ ያለ፣ እግር ያለው የላሜራ መከለያ ራስህ በይደህ አቁም። ፕላስቲክ አትጋርድ፣ ፍንጣሪ ያቀጣጥለዋል።

አንገትና ክንዳችሁንም በወፍራም የጥጥ ልብስ ሸፍኑ፤ ናይለን ቀልጦ ይጣበቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መድቦታል።

ድንቹን ተዉት፤ በቆሰለ ዓይን ላይ ቆሻሻ ይጨምራል። ልጁ ዓይኑን ሳያሽ ጨለም ያለ ክፍል ይረፍ፣ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ዓይኑን ጨፍኖ ከላይ ያድርግ። ብዙ ጊዜ በ24 እስከ 48 ሰዓት ይሽራል። የሚያደነዝዝ ጠብታ በራሳችሁ አትግዙ፤ ሕመሙን ቢያስታግስም ቁስሉ እንዳይድን ያዘገያል። በማግሥቱ ካልቀለለው ወይም እይታው ከደበዘዘ የዓይን ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ለይ። ብርሃን የመታው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኑን፣ ያውም ዘግይቶ ያመዋል። በግራይንደር (ብረት በሚሞርደው ማሽን) ስትሠሩ አንዱን ዓይን ብቻ ወዲያው ከቆረቆረው ግን የብረት ፍንጣሪ ገብቶ ይሆናል። በጨርቅ ጫፍም ሆነ በክብሪት እንጨት አትነካኩት፤ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰደው።