ዱካ አንባቢዎቹ

ጥያቄ፦ በቅኝ ግዛት ዘመን የአውስትራሊያ ፖሊሶች ወንበዴ የሚያድኑት በአገሬው ተወላጆች እየተመሩ ነበር ሲባል ሰማሁ። ነገሩ እንደ እኛው ሌባሻይ ነው? ሰዎቹስ ፖሊስ ይባላሉ?

መልስ፦ ከሌባሻይ ጋር አይገናኝም። በሌባሻይ ሌባውን ለማግኘት አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ደንዝዞ ይመራ ነበር፤ የአቦርጅን (የአውስትራሊያ ተወላጅ) ዱካ ፈላጊ ግን የሚመራው በዓይኑና ከልጅነቱ በተማረው ዕውቀት ነው።

ዱካ የሚነበበው ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል የዱካው ጠርዝ ጥላ ይጥላል፤ ቀትር ላይ ያው መሬት ባዶ ይመስላል። ፈላጊው ዱካውን ሳይረግጥ በእሱና በፀሐይ መካከል አድርጎ በጎኑ ይሄዳል። ድንጋያማ ቦታ ላይ ከተቀመጠበት የተፈነቀለ ጠጠር ጠቆር ያለ ሆዱን ያሳያል፤ ሣር ላይ ጤዛው የረገፈበት መስመር ይቀራል። በሌሊት የሚሳቡ ትናንሽ ነፍሳት ዱካውን አቋርጠውት ከሆነ ሰውየው ያለፈው ሳይነጋ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ወደ መጨረሻው እርግጠኛ ዱካ ተመልሶ ዙሪያውን ይቃኛል። ሥራውን የሚያበላሹት ዝናብና ነፋስ ብቻ አይደሉም፤ ቀድሞ የደረሰው የፈላጊ ሕዝብና ፈረስ መሬቱን ይደመስሰዋል። ስለዚህ ዱካ ፈላጊ መጠራት ያለበት በመጀመሪያ ነበር። በ1864 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ የጠፉት ሦስቱ የደፍ ቤተሰብ ልጆች ግን ዱካ ፈላጊዎች የተጠሩላቸው ሌላው ፍለጋ ከከሸፈ በኋላ ነው፤ በዘጠነኛው ቀን በሕይወት አገኟቸው። ከፈላጊዎቹ አንዱ ዲክ-አ-ዲክ በ1868 እንግሊዝን በጎበኘው የአቦርጅኖች የክሪኬት ቡድን ውስጥ ተጫውቷል።

ፖሊስ ነበሩ ወይ ላሉት፣ አብዛኞቹ የፖሊስ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ በትንሽ ክፍያና በቀለብ ይሠሩ ነበር። የኩዊንስላንድ «የተወላጆች ፖሊስ» ግን ሌላ ነው፤ በነጭ መኮንኖች የሚታዘዝ፣ ብዙ አቦርጅኖችን የፈጀ የታጠቀ ጦር ነበር። ሁለቱን አንድ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው። በእርግጥ መስመሩ ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበረም፦ ቅኝ ገዢዎችን የተዋጋው የቡኑባ ሕዝብ ተወላጁ ጃንዳማራ ራሱ ቀድሞ የፖሊስ ዱካ ፈላጊ ነበር፤ በ1897 የገደለውም ሚኪ የተባለ ዱካ ፈላጊ ነው።

በ1879 ዝነኛውን ሽፍታ ኔድ ኬሊን ለማደን ከኩዊንስላንድ ዱካ ፈላጊዎች መጡ፤ ሽፍታው በጣም ይፈራቸው ነበር። ለኬሊ ቡድን መያዝ ከቀረበው የ8,000 ፓውንድ ሽልማት ለእያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ ተመደበ፤ ገንዘቡ ግን በእጃቸው እንዳይሰጥ ተወሰነና ለኩዊንስላንድና ለቪክቶሪያ መንግሥታት ተላለፈ። በኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ የዊራጁሪ ሕዝብ ተወላጁ ዱካ ፈላጊ አሌክሳንደር ራይሊ በ1911 ተቀጥሮ በ1941 ሳጅን ሆነ፤ በ1943 የንጉሡን የፖሊስ ሜዳልያ ተሸለመ። በ1950 ሥራውን ሲለቅ ጡረታ ተከለከለ።