«አህያ ለማከም ነው የተማርሽው?»

ጥያቄ፦ በቅርቡ በእንስሳት ሕክምና ተመርቄአለሁ። የአህዮችንና የጋሪ ፈረሶችን ደኅንነት የሚከታተል አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ እንድጀምር ጠርቶኛል። ቤተሰቦቼ ግን «አህያ ለማከም ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?» እያሉ ወተት ላሞች እርባታ እንድገባ ይወተውቱኛል። ሥራው በእርግጥ ምን ይመስላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ሆና ሳለ፣ ውኃውን፣ እህሉንና ማገዶውን ተሸክማ ቤቱን የምታቆመው አህያ ስትታመም ሐኪም የሚጠራላት ጥቂት ነው። ስለዚህ የተማረ እጅ በጣም የሚያስፈልገው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በገበያ ቀን አብዝተው የሚያዩት ገጣባ ነው። ቁስሉን አጥቦ መድኃኒት ማድረግ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ከባዱ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ አህያዋ እንድታርፍ ባለቤቱን ማሳመን ነው፤ የዕለት ጉርሱን በእሷ ለሚያገኝ ሰው «አሳርፋት» ማለት «ልጆችህን ጦም አሳድር» ከማለት አይለይበትም። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ አይቆጡም፤ ድብዳቡን ገልብጠው፣ የሳሳውንና የጓጎለውን ቦታ በራሱ እጅ አስዳስሰው፣ እንዴት ቢጠገን ጀርባዋን እንደማይልጥ አብረውት ይሠራሉ።

ልብ የሚሰብረው ሌላ ነው። እግሯ የተሰበረ ወይም ያረጀች አህያ ሥጋዋ ስለማይበላ መንገድ ዳር ትጣልና የጅብ ሲሳይ ትሆናለች። ስቃይዋን በመርፌ ለማሳጠር የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ደግሞ ነፍስ ማጥፋቱን ይፈሩታል። እንዲህ ያለውን ቀን ከባልደረቦችዎ ጋር ይነጋገሩበት እንጂ ለብቻዎ ይዘውት ወደ ቤት አይሂዱ።

ሥራው በክሊኒክ ብቻም አይወሰንም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ተዘግቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ አህያ ለቆዳዋ ሲባል እንዳትታረድ የ15 ዓመት እገዳ አጽድቀዋል። እንዲህ ላለው ውሳኔ ከመስክ የሚሰበሰብ መረጃ ጉልበት ይሆናልና፣ የሚያክሟቸውን እንስሳት በጥንቃቄ መመዝገብን እንደ ትርፍ ሥራ አይዩት።

ከመፈረምዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ይጠይቁ። ቅጥሩ ከለጋሽ በሚገኝ ገንዘብ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ስለሚችል፣ ፕሮጀክቱ መቼ እንደሚያበቃ በግልጽ ይንገሩዎት። የእብድ ውሻ በሽታ አህያንም ስለሚይዝ፣ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የመከላከያ ክትባት እንደሚያስከትብ ያረጋግጡ፤ ካላስከተበ፣ ሳይከተቡ አንድም እንስሳ አፍ ውስጥ እጅዎን አያስገቡ።